ትእዛዝን አጣርቶ ስለ መስማት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)






ከእኔ አስቀድመው የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክና ስለ ልዩ ልዩ ክበባት ሥራ በሚገባ ስለ ገለጹልን ያንኑ መልሼ በመድገም አላደክማችሁም። እኔ የምናገረው በኮምፒዩተር ክበባችን ስለ ተማርኩት አንድ ትንሽ ነገር ነው። ይኸውም፣ አንድ ፕሮግራም ከሰው የሚላክለትን የጽሑፍ ትእዛዝ እንዴት ተቀብሎ፣ ከፋፍሎና መርምሮ ሊረዳው እንደሚገባ ነው። ነገሩ ሲሰሙት ለጥቂት ሰዎች ብቻ የሚጠቅም ይመስላል። እኔም እንደዚያ እመስለኝ ነበር፤ ነገር ግን በራሴ ስሕተት ምክንያት የብዙ ተማሪዎች የዓመት ድካም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሲጠፋ ካየሁ በኋላ አሳቤን ለወጥኩ።

አስቀድመን ነገሩን ሁላችንም ከምናውቀው እንጀምር። እናት ልጇን ጠርታ «ሂድና ከሱቅ ስኳር ግዛ» ትለዋለች። በዚህ አጭር ቃል ውስጥ ሥራው ተነግሯል፤ መግዛት ነው። የሚገዛውም ነገር ተነግሯል፤ ስኳር ነው። ስንት ኪሎ እንደሆነና ከየትኛው ሱቅ እንደሚገዛ ግን አልተነገረም። ሆኖም ልጁ አይጠይቅም። በቤታቸው ልማድ ሁልጊዜ የሚገዛው ግማሽ ኪሎ፣ ሱቁም ከበራቸው ፊት ለፊት ያለው መሆኑን ያውቃልና። እንግዳ የሚመጣ ቀን ግን እናቱ «ዛሬ አንድ ኪሎ አድርገው» ብላ ትጨምራለች። ይህ የተጨመረው ቃል ልማዱን ለዚያን ቀን ብቻ ይለውጠዋል። የፕሮግራም ሰዎች እንዲህ ያለውን ተጨማሪ ቃል «አማራጭ» ይሉታል። ሳይነገር የሚታወቀውን ልማድ ደግሞ እኛ በክበባችን «ነባር ዋጋ» ብለን ሰይመነዋል።

እንግዲህ ብልህ ልጅ የሚታወቀው በምንድር ነው? የተነገረው ነገር ግልጽ ካልሆነለት ከበር ሳይወጣ «እማዬ፣ ስንት ኪሎ አልሽ?» ብሎ በመጠየቁ ነው። ሰነፍ ልጅ ግን ግማሹን ሰምቶ ይሮጥና በስኳር ፈንታ ጨው ይዞ ይመለሳል። ፕሮግራምም እንደዚሁ ነው። ልዩነቱ፣ ፕሮግራም ብልህ ወይም ሰነፍ ሆኖ አይወለድም፤ ያንን የሚያደርገው የጻፈው ሰው ነው።

አሁን ወደ ራሴ ታሪክ ልመለስ። ባለፈው ዓመት በሁለተኛው ሴሚስተር መጨረሻ ላይ ለመዝገብ ቤት አንድ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። ሥራውም መምህራን የሰጡትን ማርክ ከአንድ ፋይል አንብቦ፣ ድምርና አማካይ አውጥቶ፣ ተማሪዎችን በደረጃ አሰልፎ ሮስተሩን በሌላ ፋይል መጻፍ ነው። በእጅ ሁለትና ሦስት ቀን ይፈጅ የነበረውን ሥራ ዐይን ተከድኖ እስኪገለጥ ድረስ ስለሚጨርሰው ሁሉም አመሰገነኝ፤ እኔም ትንሽ ኰራሁ። ፕሮግራሙ የሚታዘዘው እንዲህ ተብሎ ነበር፤

ፓይተን ሮስተር.ፓይ ማርክ.ሲኤስቪ ሮስተር.ሲኤስቪ

ፊተኛው የሚነበበው ፋይል፣ ኋለኛው የሚጻፈው ፋይል ነው። ይህን ቅደም ተከተል የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። በየትም ቦታ አልጻፍኩትም፤ ለማንም በሚገባ አላስረዳሁም።

ካርድ ሊታደል ሦስት ቀን ሲቀር የመዝገብ ቤቷ እትዬ ፕሮግራሙን ብቻቸውን ሊያሠሩት ተቀመጡና ሁለቱን የፋይል ስሞች አዟዙረው ጻፉ። ፕሮግራሜም አንድ ቃል ሳይጠይቅ የማርኩን ፋይል ለመጻፍ ከፈተው። በፓይተን ቋንቋ አንድ ፋይል ለመጻፍ ሲከፈት በውስጡ የነበረው ሁሉ በዚያው ቅጽበት ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ አሮጌውን ሮስተር እንደ ማርክ ሊያነብ ሞከረ፤ ዓምዶቹ አልገጥም ስላሉት ሊገባቸው የማይችል የእንግሊዝኛ መልእክት ጽፎ ቆመ። የአራት ክፍል ተማሪዎች ማርክ የነበረበት ፋይል ባዶ ሆኖ ተገኘ። ሌላ ቅጂ አልነበረንም።

ተጠርቼ ስመጣ በመጀመሪያ ከአፌ የወጣው ቃል እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። «እትዬ፣ እርስዎ እኮ አዟዙረው ጻፉት» አልኳቸው። እሳቸውም ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ የትኛው ፊት የትኛው ኋላ እንደሚሆን በምን ልወቅ? ይኸ ማሽንህስ ስሳሳት ለምን ዝም አለኝ?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር።

ደግነቱ፣ እሳቸው መምህራን በእጃቸው የሞሉትን የወረቀት ማርክ ሊስት በሣጥን ቆልፈው አስቀምጠው ኖሯል። ሦስት ቀን በተከታታይ እስከ ማታ ድረስ እሳቸው እያነበቡ እኔ እየጻፍኩ፣ ቀጥሎም እኔ እያነበብኩ እሳቸው እያመሳከሩ ማርኩን በሙሉ እንደገና አስገባነው። ካርዱ በቀኑ ታደለ። ከጓደኞቻችን አንዱ ግን ለነጻ ትምህርት ዕድል የሚያስፈልገው የውጤት ማስረጃ በዚያው ሳምንት መላክ ነበረበትና ከቀኑ መዝጊያ በፊት የደረሰለት በጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። አባቱ በመዝገብ ቤቱ በር ላይ ባርኔጣቸውን ይዘው ቆመው ሲጠብቁ አይቻቸዋለሁ። ያን ጊዜ ይህን ነገር በደንብ መማር እንዳለብኝ ቈረጥኩ። ከዚህ ቀጥሎ የምነግራችሁ በዚያ ክረምት የተማርኩትን ነው።

በመጀመሪያ፣ ትእዛዝ ከኪቦርድ ተነሥቶ ወደ ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚደርስ እንመልከት። ሰው በተርሚናል ላይ አንድ መስመር ጽፎ ቁልፉን ሲጫን መስመሩን በመጀመሪያ የሚቀበለው «ሼል» የሚባል ሌላ ፕሮግራም ነው። ሼል መስመሩን ባዶ ቦታ ባለበት እየቈረጠ ወደ ቃላት ይከፍለዋል። ከዚያም የቃላቱን ዝርዝር ለተጠራው ፕሮግራም ያስረክባል። በፓይተን ይህ ዝርዝር «ሲስ.አርግቪ» ይባላል። በዝርዝሩም ላይ ከ0 ተቈጥሮ በ0ኛው ቦታ የሚገኘው የፕሮግራሙ የራሱ ስም ነው፤ የቀሩት ከ1 ጀምረው ይከተላሉ።

ከዚህ የተነሣ ሁለት ነገር ማስተዋል ይገባል። አንደኛ፣ የፋይሉ ስም «11ሀ ማርክ» ተብሎ በመካከሉ ባዶ ቦታ ካለበት በጥቅስ ምልክት ካልታሰረ በቀር ፕሮግራሙ ዘንድ የሚደርሰው ሁለት ቃል ሆኖ ነው። ሁለተኛ፣ በዩኒክስና በሊኑክስ ሰው የኮከብ ምልክት ቢጽፍ ፕሮግራሙ ኮከቡን አያየውም፤ ሼል አስቀድሞ በዚያ ማኅደር ውስጥ ያሉትን የፋይል ስሞች በሙሉ በኮከቡ ቦታ ይተካቸዋል። ስለዚህ ፋይል ለመሰረዝ የሚጻፈው ትእዛዝ በስሙና በኮከቡ መካከል በስሕተት አንድ ባዶ ቦታ ቢገባበት ጥቂት ፋይል ለመሰረዝ የታሰበው ያለውን ሁሉ ወደ መሰረዝ ይለወጣል። የአንድ ባዶ ቦታ ዋጋ ይህን ያህል ነው!

ቃላቱ ከደረሱ በኋላ የትኛው አማራጭ፣ የትኛው የፋይል ስም እንደሆነ መለየት የፕሮግራሙ ፋንታ ነው። ለዚህ ሥራ ከጥንት ጀምሮ ያገለገለው ሰረዝ ነው። እዚህ ላይ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አሳስባለሁ። ዩኒክስ የተባለውን ሥርዓት በ1969 በአሜሪካ አገር በቤል ላቦራቶሪ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ሲጀምሩ ትእዛዝ የሚጻፈው በቴሌታይፕ ነበር። ቴሌታይፕ 33 የተባለው መሣሪያ በሰከንድ ከ10 ፊደል በላይ መጻፍ አይችልም፤ ቁልፉም ከባድ ነው። ከዚህ የተነሣ ትእዛዞቹም አማራጮቹም እጅግ አጠር ያሉ ሆኑ። የፋይል ዝርዝር የሚያሳየው ትእዛዝ «ኤልኤስ» በሁለት ፊደል ብቻ ተጠራ፤ አማራጮቹም አንዳንድ ፊደል ሆነው ከፊታቸው ሰረዝ ተደረገላቸው። ብዙ አማራጭ ሲኖርም በአንድ ሰረዝ ሥር ተጠጋግተው እንዲጻፉ ተፈቀደ።

ይሁን እንጂ በጊዜው እያንዳንዱ ሰው ትእዛዙን የሚተነትነው በራሱ መንገድ ስለ ነበር ልማዱ የተዘበራረቀ ነበር። «ታር» የሚባለው ፋይሎችን የሚጠቀልል ፕሮግራም አማራጮቹን ያለ ሰረዝ ይቀበላል። «ዲዲ» የተባለው ደግሞ «ኢፍ» ከሚለው ቃልና ከእኩል ምልክት ቀጥሎ የሚነበበውን፣ «ኦፍ» ከሚለው ቀጥሎ የሚጻፈውን ይጠይቃል። ይህ ዲዲ እኔ ከሠራሁት ይሻላል፤ ምክንያቱም ቅደም ተከተልን ለሰው ትዝታ አልተወም፤ ለየፋይሉ ስም ሰጥቷል። ነገር ግን ሁለቱ ስሞች በእንግሊዝኛ የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ብቻ ስለሆነ እነርሱን አዛውሮ የዲስኩን ሁሉ ይዘት ያጠፋ ሰው ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ስም መስጠት ብቻውን አይበቃም፤ ስሞቹ ሲታዩም ሲነበቡም የተራራቁ መሆን አለባቸው።

ይህን ዝብርቅርቅ ለማስተካከል ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው ኩባንያ «ጌትኦፕት» የሚባል የጋራ መተንተኛ አዘጋጀ፤ በ1985ም በዳላስ ከተማ በተደረገ ጉባኤ ላይ ለሁሉም ይፋ አደረገው። በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን ያስታወቀው የግኑ ሥራ ደግሞ ረዥም አማራጮችን በሁለት ሰረዝ መጻፍን አስለመደ። ሁለት ሰረዝ ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። በአንድ ሰረዝ ሥር ፊደሎች ተጠጋግተው ስለሚጻፉ አንድ ሰረዝና አንድ ሙሉ ቃል ቢጻፍ ፕሮግራሙ ቃሉን ፊደል በፊደል እየቈጠረ ብዙ አማራጭ ያደርገዋል። ሁለት ሰረዝ ሲሆን ግን «ይህ አንድ ሙሉ ቃል ነው» ማለት ይሆናል። በዚህ ዓይነት አማራጭ የሚነበብና የሚታወስ ነገር ሆነ።

ከሁለት ሰረዝ በኋላ ምንም ፊደል ባይከተልስ? ይህ «አማራጭ እዚህ ላይ አበቃ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ስም ነው» ማለት ነው። ይህም የሚጠቅመው የፋይል ስም ራሱ በሰረዝ ሲጀምር ነው። እንዲህ ያለ ፋይል በማኅደር ውስጥ ቢኖርና ሰው በኮከብ ምልክት ሁሉንም ቢጠራ፣ የፋይሉ ስም እንደ አማራጭ ተቈጥሮ ያልታዘዘ ሥራ ሊያሠራ ይችላል። በፊቱ ሁለት ሰረዝ ከተጻፈ ግን ፕሮግራሙ አይታለልም።

ወደ ፓይተን እንመለስ። ይህን ቋንቋ የሆላንዱ ተወላጅ ጊዶ ቫን ሮሰም በ1991 ለሕዝብ ያወጣው ሲሆን ትእዛዝን ለመተንተን በየጊዜው ልዩ ልዩ መሣሪያ ቀርቦለታል። በመጀመሪያ የጌትኦፕት አምሳያ ነበረው። በ2003 «ኦፕትፓርስ» መጣ። ከ2010 ጀምሮ ደግሞ ስቲቨን ቤታርድ የጻፈው «አርግፓርስ» ከቋንቋው ጋር አብሮ ይገኛል፤ እኔ የተጠቀምኩት በዚህ ነው።

የአርግፓርስ አሠራር እንዲህ ነው። ጸሓፊው በመጀመሪያ ተንታኝ ይፈጥራል። ቀጥሎ «አድ አርጊዩመንት» በሚለው ጥሪ ፕሮግራሙ የሚያውቃቸውን ቃላት አንድ በአንድ ያስመዘግባል፤ ለእያንዳንዱም ስሙን፣ ዓይነቱን፣ ግዴታ መሆን አለመሆኑን፣ ነባር ዋጋውንና የሚፈቀዱለትን መልሶች ይነግራል። በመጨረሻ «ፓርስ አርግስ» ሲል ተንታኙ ዝርዝሩን ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል። ያልተመዘገበ አማራጭ ቢገኝ፣ ግዴታ የሆነው ቢጐድል፣ ወይም ቍጥር በሚጠበቅበት ቦታ ሌላ ቃል ቢመጣ፣ ስሕተቱን ተናግሮ ፕሮግራሙን ያቆመዋል፤ ለሼልም የመውጫ ቍጥር 2 ይመልሳል። በዚህ ዓለም 0 ማለት «በደኅና ጨረስኩ» ማለት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ጸሓፊው ለየአማራጩ የጻፈውን ማብራሪያ ሰብስቦ የመመሪያ ገጽ በራሱ ማዘጋጀቱ ነው፤ ማንም ሰው --ሄልፕ ብሎ ሊያነበው ይችላል።

አሁን የእኔ ፕሮግራም የሚታዘዘው እንዲህ ነው፤

ፓይተን ሮስተር.ፓይ --ማርክ 11ሀ.ሲኤስቪ --ሮስተር ደረጃ-11ሀ.ሲኤስቪ --ሴሚስተር 2

ሦስቱም አማራጮች ግዴታ ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸው ግን የፈለገው ቢሆን አይጐዳም። ሴሚስተር 1 ወይም 2 ካልሆነ አይቀበልም። የሚጻፈው ፋይል ቀድሞ የነበረ ከሆነ ሥራውን እንቢ ይላል፤ ሰውየው አውቆ --ተካ የሚለውን ካልጨመረ በቀር። --ሙከራ ቢባል ደግሞ ምንም ሳይጽፍ ሊያደርግ ያሰበውን ብቻ ያሳያል። የሚነበበውና የሚጻፈው ፋይል አንድ ዓይነት መሆን አለመሆኑን አርግፓርስ በራሱ አይመረምርም፤ ይህን እኔ ራሴ መርምሬ ስሕተት ከሆነ በተንታኙ በኩል እንዲነገር አድርጌያለሁ። ዋናው ደንብ ምርመራው ሁሉ ሳያልቅ አንድም ፋይል እንዳይከፈት ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባል የለም? በነገራችን ላይ አርግፓርስ ትእዛዙን እየተነተነ ሳለ ፋይሉንም አብሮ የሚከፍት «ፋይልታይፕ» የተባለ ዘዴ አለው። እኔ ግን በዚህ ምክንያት ተውኩት፤ ከፓይተን 3.14 ጀምሮም የቋንቋው አዘጋጆች እንዳይጠቀሙበት ይመክራሉ።

ለክበባችን ታናናሾች የሚሆኑ ጥቂት ማስጠንቀቂያዎችም አሉኝ። አማራጩ «አዎን ወይም አይደለም» ብቻ ከሆነ ዓይነቱን «ቡል» ብላችሁ አትጻፉ፤ ፓይተን ባዶ ያልሆነን ቃል ሁሉ እውነት አድርጎ ስለሚቈጥር «ፎልስ» ተብሎ ቢጻፍለትም እውነት ነው ይላል። ለዚህ የሚገባው ስሙ ሲነሣ ብቻ የሚበራ አማራጭ ነው። ደግሞም አርግፓርስ ረዥም አማራጭ በአጭሩ ቢጻፍ፣ ከሌላ እስካልተምታታ ድረስ፣ ይቀበላል፤ --ሴሚ ቢባል --ሴሚስተር መሆኑን ይረዳል። ይህ ደግነት ኋላ ያስቸግራል። በሚመጣው ዓመት በዚያው ፊደል የሚጀምር ሌላ አማራጭ ብትጨምሩ ትናንት ይሠራ የነበረው ትእዛዝ ዛሬ ይከለከላልና፣ ዘዴውን መዝጋት ይሻላል።

ስለ ፊደላችንም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አማራጭን በአማርኛ መጻፍ ይቻላልን? የቀድሞው ጌትኦፕት በአጭር አማራጭ አይችልም። ምክንያቱም እርሱ አንድ አማራጭ የሚለው አንድ ባይት ነው፤ የእኛ አንድ ፊደል ግን ዩቲኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ ሦስት ባይት ይይዛል። የሚያስገርመው፣ ይህንን አጻጻፍ በ1992 ከሮብ ፓይክ ጋር ያወጣው ያው የዩኒክስ መሥራች ኬን ቶምፕሰን ነው። የግእዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ተመዝግቧል፤ በ2008 የወጣው ፓይተን 3ም ጽሑፍን በፊደልነቱ ስለሚያነብ --ማርክ ወይም --ክፍል ብሎ ማዘዝ ምንም አያስቸግርም።

አስቸጋሪው ሌላ ነው። እትዬ አዲሱን ፕሮግራም ሲሞክሩ --ዓመት ለማለት --አመት ብለው ጻፉ፤ ፕሮግራሙም «አላውቀውም» አላቸው። ለጆሮ አንድ የሆኑት ሁለቱ ፊደሎች ለኮምፒዩተር ፍጹም የተለያዩ ናቸው። ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀም እንደዚሁ ናቸው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በአርግፓርስ ለአንድ አማራጭ ብዙ ስም መስጠት ስለሚቻል --ዓመትንም --አመትንም አብሬ አስመዘገብኩ። እንዲህ ያለውን ነገር ከውጭ አገር የመጣ መጽሐፍ አይነግረንም፤ ቋንቋውን የምንናገረው እኛ ነን ማሰብ ያለብን።

ምናልባት «ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለአንድ ሮስተር ይበዛል» የሚል ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ትእዛዝን ሳያጣሩ መስማት ከዚህ የሚበልጥ ጥፋት አምጥቷል። በ2007 ሶላሪስ 10 በተባለው ሥርዓት ላይ ከሩቅ በቴልኔት የሚገባ ሰው በተጠቃሚ ስም ቦታ በሰረዝና በ«ኤፍ» ፊደል የሚጀምር ቃል ቢሰጥ ያለ ይለፍ ቃል ይገባ እንደ ነበር ታወቀ። ምክንያቱም በር ጠባቂው ፕሮግራም የተሰጠውን ስም ሳይመረምር «ሎግኢን» ለተባለው ፕሮግራም አስተላለፈ፤ ያም ስም መሆኑን ትቶ «ይህ ሰው ተመርምሯል፣ አስገባው» እንደሚል አማራጭ ቈጠረው። እንደዚሁም በጥር 2022 «ፒኬኤግዜክ» በተባለው በብዙ የሊኑክስ ማሽኖች ላይ በሚገኝ ፕሮግራም ላይ ከ2009 ጀምሮ የኖረ ጉድለት ተገለጸ። ፕሮግራሙ ዝርዝሩ ቢያንስ የራሱን ስም እንደሚይዝ አምኖ ከ1 መቍጠር ይጀምር ነበር። ዝርዝሩ ፍጹም ባዶ ሆኖ ሊመጣ እንደሚችል አላሰበም። ባዶ ሲሆንም ከዝርዝሩ አልፎ የእርሱ ያልሆነውን ያነብ ነበር፤ በዚህም ተራ ተጠቃሚ የማሽኑን ሙሉ ሥልጣን ሊይዝ ይችል ነበር። ከ12 ዓመት በላይ ማንም ያላረመው በአንድ ቍጥር ላይ የተደረገ ግምት ነበር።

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፤

ንግግሬን ልደምድም። እኔ በዚያ ክረምት የተማርኩት የፓይተን ደንብ ብቻ አይደለም። ሰው ሲሳሳት «እርስዎ አዟዙረው ጻፉት» ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን ፕሮግራም የሚጻፈው ደንቡን ለሚያውቀው ለጸሓፊው አይደለም፤ በሥራ ብዛት ለደከመ፣ ቋንቋው ለሚያስቸግረው፣ ደጅ ላይ ሰው ለሚጠብቀው ሰው ነው። «ካነጋገር ይፈረዳል፤ ካያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ አባቶቻችን። እኛ ግን የሚናገረውን ሰው አነጋገር ከመንቀፋችን በፊት የራሳችንን አሰማም ብናርም መልካም ነው።

ዘንድሮ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ሮስተር እትዬ ብቻቸውን ሠርተውታል። ስጠይቃቸው «አንድ ጊዜ ተሳስቼ ነበር፤ ነግሮኝ አረምኩት» አሉኝ። የመመሪያው ገጽ ላይ የጻፍኩትን አማርኛም በሁለት ቦታ አርመውልኛል፤ ከእኔ ይልቅ እርማቱ ግልጽ ስለሆነ እንደ ወረደ አስገብቼዋለሁ። የወረቀቱ ማርክ ሊስትም እንደ ቀድሞው በሣጥን ተቈልፎ ይቀመጣል። ይህን እንዳይተዉ የለመንኳቸው እኔ ነኝ።

የኮምፒዩተር ክበባችን በሩ ለሁሉ ክፍት ነው። ታናናሽ ወንድሞቼና እኅቶቼ መጥታችሁ እንድትማሩ፣ የምትጽፉትም ፕሮግራም ከመሮጡ በፊት የሚጠይቅ እንዲሆን እንድታደርጉ አደራ እላለሁ።